አምላክ ወደ አክስቱ ቤት ሲሄድ፦ ስድስት ቀን ከሰረገሎች ጋር

ሰረገላ ሲባል እኔ የማውቀው ሁለት ነው። አንዱ ኤልያስ ወደ ሰማይ የወጣበት የእሳት ሰረገላ። ሌላው የእኛው ጃንደረባ ኢሳይያስን እያነበበ የተጓዘበት። ሁለቱንም ያየኋቸው ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ተስለው ነው። የአክስቴ ልጅ ግን ቡባነሽዋር የምትባል የሕንድ ከተማ ውስጥ ዶክትሬቱን እየሠራ ነው። በየዓመቱ ሰኔ ሲደርስ ይደውላል። «አንተ ሰውዬ፣ እውነተኛ ሰረገላ ሳታይ ልትሞት ነው?» ይለኛል። ዘንድሮ ተሸነፍኩ። ትኬቱን ቆረጥኩ።

(ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ቀን 1፦ ማሃባሊፑራም

ቼናይ የገባሁት ሌሊት ነው። ጠዋት ቁርሴን እንኳ ሳልጨርስ ወደ ደቡብ በሚሄድ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። መንገዱ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ባሕሩ በግራ በኩል አንዴ ብቅ አንዴ ጥፍት ይላል። ወበቁ ለጉድ ነው። የአዲስ አበባ ሰው ሰኔን በጃኬት ነው የሚያውቀው።

ከተማዋ ስገባ መጀመሪያ የተቀበለኝ የመሮ ድምፅ ነው። ቀጭ ቀጭ ቀጭ። በመንገዱ ዳር የድንጋይ ጠራቢዎች ሱቅ ተደርድሯል። የዝሆን ጭንቅላት ያለው አምላክ ጋኔሻ በየመጠኑ አለ፤ ከኪስ እስከ መኪና። ሙያው እዚህ ቢያንስ 1,300 ዓመት አስቆጥሯል።

ላያቸው የመጣሁት «ፓንቻ ራታ» የሚባሉትን ነው። ፓንቻ አምስት ማለት ነው፣ ራታ ደግሞ ሰረገላ። ገና ከበሩ ስገባ ግን መንኩራኩር ፈለግኩ። የለም። አንድም የለም! አምስት የድንጋይ ቤቶች አሸዋ ላይ ቆመዋል። አጠገባቸው አንድ ዝሆን አለ፤ በቁመቱም በወርዱም የእውነተኛ ዝሆን ያህላል፣ እሱም ከአለት ነው። ታዲያ ሰረገላነታቸው ምኑ ላይ ነው? ነገሩ ወዲህ ነው። በበዓል ቀን አምላክን ይዞ የሚወጣው የእንጨት ሰረገላ ራሱ ተንቀሳቃሽ ቤተ መቅደስ ነው፤ ጣሪያው፣ ፎቁ፣ ቅርጹ የመቅደስ ነው። ሁለቱ በጣም ስለሚመሳሰሉ ስማቸው ተወራረሰ። ስለዚህ መንኩራኩር የሌለውንም ሰረገላ ይሉታል።

የተፈለፈሉት በ7ኛው ክፍለ ዘመን በፓላቫ ነገሥታት ዘመን ነው። ሥራው ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ለአንደኛው ናራሲምሃቫርማን ነው። ይህ ንጉሥ «ማማላ» የሚል ቅጽል ነበረው፤ ታላቁ ታጋይ እንደማለት። የከተማዋ ሌላ ስም ማማላፑራም የመጣውም ከዚያ ነው። አምስቱ ሰረገሎች ማሃባራታ በሚባለው ጥንታዊ የሕንድ ተረክ ውስጥ ባሉት ወንድማማቾችና በጋራ ሚስታቸው በድራውፓዲ ይጠራሉ፤ ግን ስሙ በኋላ የተለጠፈ ነው።

አንድ ቀን ላሊበላን ያየ ሰው እዚህ ዝም ብሎ አያልፍም። እጁ ሳያስበው ድንጋዩን ይዳስሳል። ሁለቱም ከአንድ አለት የወጡ፣ ሁለቱም ከላይ ወደ ታች የተጠረቡ ናቸው። ዝምድና አላቸው እያልኩ አይደለም። የእኛዎቹ መሬት ውስጥ ተቆፍረው ወርደዋል፣ ውስጣቸውም ተፈልፍሎ ይቀደስበታል። እነዚህ መሬት ላይ ጉብ ካለ አለት የተቀረጹ ናቸው፣ ውስጣቸውም አብዛኛው ድፍን ነው። ከላይ ወደ ታች መጠረባቸው ግን በዓይን ይታያል፤ አናታቸው አልቆ ግርጌያቸው ጅምር ነው። ትልቁ ዳርማራጃ ከላይ እንደ ጥልፍ ተሠርቶ ከታች መሮ ያልነካው ድንጋይ ይዞ ቀርቷል። ሥራው መሐል ላይ ቆመ፣ ተመልሶ የጨረሰው የለም።

ከአምስቱ የወደድኩት ትንሹን ነው፤ የድራውፓዲን። የሣር ክዳን ያላት ጎጆ ናት። ክብ አይደለችም፣ አራት ማዕዘን ናት። ግን ጣሪያዋ ወደ ታች ሲወርድ ሣሩ ዝናብ ጠጥቶ የከበደው ይመስላል። ድንጋይ ጠራቢው የእናቱን ቤት ነው የቀረጸው ብዬ ደመደምኩ። ማስረጃ የለኝም።

ቀን 2፦ ባቡር

ከቼናይ ቡባነሽዋር 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ 20 ሰዓት አካባቢ። ከላይ አልጋ፣ ከታች አልጋ፣ መሐል አልጋ። የእኔ መሐለኛው ነበር፣ ቀና ብሎ መቀመጥ አይቻልም። «ቻይ፣ ቻይ» እያለ የሚያልፈውን ልጅ ስንት ጊዜ እንዳስቆምኩት አልቆጠርኩም። ሻዩ በወተትና በዝንጅብል ነው፣ ጣፋጭ ነው፣ ስኒው የጣት ያህል ነው።

መልስ ሲሰጠኝ የ50 ሩፒ ኖት እጄ ገባ። ጀርባውን ሳየው ሰረገላ! ሃምፒ ያለው የድንጋይ ሰረገላ ነው፤ የቪጃያናጋራ ነገሥታት መናገሻ ከነበረችው ከተማ፣ የ16ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ። ይኼኛው መንኩራኩር አለው፤ ድሮ ይዞር ነበር ይባላል፣ አሁን እንዳይነካካ ተደፍኗል። ፊቱ ያሉት ሁለት ዝሆኖች ከሌላ ቦታ የመጡ ምትክ ናቸው። ቀድሞ የነበሩት ፈረሶች እንደነበሩ የሚያውቁት ከኋላ በቀረው ጭራና የኋላ እግር ነው። ሃምፒ መንገዴ ላይ ስላልነበረች በ50 ሩፒ ተጽናናሁ።

ቀን 3፦ ኮናርክ

የአክስቴ ልጅ ጣቢያ ጠበቀኝ። ከስቷል። ፂም አሳድጓል። ሻንጣዬን ሳይነካ መጀመሪያ የጠየቀው «በርበሬውስ?» ብሎ ነው።

ከሰዓት በኋላ ኮናርክ ሄድን፤ 65 ኪሎ ሜትር። የታክሲው ሹፌር ሲነሳ የተስማማነውን ዋጋ ስንደርስ ረሳው። ተከራከርን፣ ግማሽ መንገድ ላይ ተገናኘን፣ ተውነው።

ኮናርክን ፎቶ ላይ አይቼዋለሁ፣ ግን ፎቶ መጠኑን አይናገርም። ቤተ መቅደሱ በሙሉ አንድ ሰረገላ ነው። የፀሐይ አምላክ የሱሪያ ሰረገላ። በ1250 ገደማ አንደኛው ናራሲምሃዴቫ የሚባል የምሥራቅ ጋንጋ ንጉሥ ነው ያሠራው። ፊቱ ወደ ምሥራቅ ነው፣ የጠዋት ፀሐይ እንዲመታው። ሰባት ፈረሶች ይጎትቱታል፤ ሰባቱ የሳምንቱ ቀናት ናቸው ይላሉ። ግርጌው ላይ 24 መንኩራኩሮች አሉ፣ 12 ጥንድ፤ 12ቱ ወራት። እያንዳንዱ መንኩራኩር ወደ 3 ሜትር ይደርሳል። ሥሩ ቆሜ እጄን ዘረጋሁ፣ ጫፉ ጋ አልደረስኩም።

አስጎብኚያችን አንድ መንኩራኩር ፊት አቆመን። የፀሐይ ሰዓት ነው አለን። ከመሐል ወደ ጠርዝ ስምንት ወፍራም ዘንጎች ይወጣሉ፣ በመሐላቸው ስምንት ቀጫጭን። ከወፍራም እስከ ወፍራም 3 ሰዓት፣ ከወፍራም እስከ ቀጭን አንድ ሰዓት ተኩል። ጠርዙ ላይ የተደረደሩት ጨሌ መሳይ ጉብታዎች ደግሞ እያንዳንዳቸው 3 ደቂቃ። ጣቱን መሐሉ ላይ አቆመና ጥላው የት እንደሚያርፍ ሊያሳየን ሲል ደመና መጣ። ጠበቅን። እሱ ቀልድ ቀለደ፣ እኛ ሳቅን፣ ደመናው አልሳቀም። በመጨረሻ ፀሐይዋ ለአፍታ ብቅ አለች። ጉብታዎቹን ቆጠረና «አስር ሰዓት ከሩብ» አለ። የአክስቴ ልጅ ሰዓት አስር ከሃያ ይላል። ማን እንደተሳሳተ አልተነጋገርንም።

ግድግዳው ላይ የሌለ ነገር የለም። አዳኝ፣ ሙዚቀኛ፣ የጦር ዝሆን፣ ነጋዴ፣ እዚህ የማላብራራቸው ፍቅረኞችም በብዛት። የትምህርት ቤት ጉብኝት ላይ የነበረ አንድ መምህር ልጆቹን ወደ ፈረሶቹ በፍጥነት ሲያዞር አይቼ ሳቄን ዋጥኩ። ከሁሉ ያስገረመኝ ግን ቀጭኔ ነው። አዎ፣ ቀጭኔ። ዝሆን ላይ ለተቀመጠ ንጉሥ ሰዎች ቀጭኔ ይዘው ሲቀርቡ ተቀርጿል። ሕንድ ውስጥ ቀጭኔ የለም። ከእኛ አህጉር በመርከብ ተጭኖ የመጣ ወሬ ወይም እንስሳ መሆን አለበት። ከ750 ዓመት በፊት አንድ የአገር ልጅ እዚህ ቆሞ ነበር ብዬ አንገቱን መታ መታ ላደርገው ፈለግኩ፣ ዘበኛው ዓይኑን ጣለብኝ።

ግን ይህ ሰረገላ ሞቷል። ሌላ ቃል አጣሁለት። ከ60 ሜትር በላይ ነበረ የሚባለው ዋናው ግንብ ወድቋል። የመጨረሻው ቁራጭ የፈረሰው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በሙሉ ቁመቱ የቆመው የፊተኛው አዳራሽ ብቻ ነው። እሱም እንዳይደረመስ እንግሊዞች በ1903 ውስጡን አሸዋ ሞልተው በሮቹን ገነቡበት። ጸሎት የለም፣ እጣን የለም፣ አምላኩም የለም። ትኬት አለ። ሰረገላው ፀሐይን ሊጎትት ተሠርቶ አሁን የሚጎትተው ቱሪስት ነው።

ነጂው እንኳ ጥሎት ሄዷል። የሱሪያ ሰረገላ ነጂ አሩና ይባላል። እዚህ በራፉ ላይ ምሰሶ ነበረው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ነቅለው ፑሪ ወሰዱት። ነገ እናገኘዋለን።

ቀን 4፦ ፑሪ፣ የዋዜማ ቀን

ከኮናርክ ፑሪ 35 ኪሎ ሜትር፣ ባሕሩን ተከትሎ። ነገ ራታ ያትራ ነው፣ የሰረገላ ጉዞ በዓል። ከተማዋ አፏ ድረስ ሞልታለች። ክፍል የተገኘው በአክስቴ ልጅ ወዳጆች ምልጃ ነው፤ አንድ ክፍል ለስድስት ሰው፣ አንድ ማራገቢያ።

አሩናን አገኘነው። የጃጋናት ቤተ መቅደስ የአንበሳ በር ፊት፣ 10 ሜትር ገደማ በሆነ ባለ 16 ማዕዘን ምሰሶ ጫፍ ላይ እጁን አጋጥሞ ተቀምጧል። ምሰሶው ከአንድ ድንጋይ ነው። ከበሩ ጋ ስጠጋ ጠባቂው ገና ፊቴን አይቶ እጁን ዘረጋ። ሂንዱ ያልሆነ አይገባም። ሕጉ ለማንም አይራራም። በ1984 ጠቅላይ ሚኒስትሯን ኢንዲራ ጋንዲን እንኳ፣ ባለቤታቸው ፓርሲ፣ ማለትም ሂንዱ ያልሆነ የሌላ እምነት ሰው፣ ስለነበሩ፣ አላስገቧቸውም። እኔ ማን ነኝና። አልተቀየምኩም፤ እኛስ ቅድስተ ቅዱሳናችን ውስጥ ማንን እናስገባለን? ግን በር ላይ ቆሞ መመለስ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ አይልም።

የአክስቴ ልጅ ትከሻዬን መታ መታ አደረገና «ለዚህ እኮ ነው ነገ እሱ ራሱ የሚወጣው» አለኝ።

ጃጋናት ማለት የዓለም ጌታ ማለት ነው። ምስሉ እንደሌሎቹ የሂንዱ አማልክት የተዋበ አይደለም። ከእንጨት ነው፣ ፊቱ ጥቁር፣ ዓይኑ ክብ ሰሃን የሚያክል፣ እጁ ጎዶሎ። አፈ ታሪኩ እንዲህ ነው። ንጉሥ ኢንድራዲዩምና ምስሉን እንዲቀርጽለት አንድ ሽማግሌ አናጢ አስገባ። አናጢው «ሳልጨርስ በሩን እንዳትከፍቱ» አለ። ቀናት አለፉ። ከውስጥ ድምፅ ጠፋ። ንጉሡ አላስቻለውም፣ ከፈተ። አናጢው የለም፣ ምስሎቹ እጅ ሳይወጣላቸው ቀርተዋል። እንደዚያው ይመለኩ ተባለ። ማሃባሊፑራም ላይ ሥራው ሳያልቅ ስለቀረ ሰው ጥሎት ሄደ፣ እዚህ ሳያልቅ የቀረውን በየዓመቱ በሚሊዮን ሕዝብ ይሸኙታል።

ከበዓሉ ሁለት ሳምንት በፊት ጃጋናትን፣ ወንድሙን ባላባድራንና እህቱን ሱባድራን አደባባይ አውጥተው በ108 እንስራ ውኃ ያጥቧቸዋል። ከዚያ ብርድ ይመታቸዋል! ትኩሳት ይይዛቸዋል። ለ15 ቀን ያህል ማንም አያያቸውም፣ የባሕል መድኃኒት ይሰጣቸዋል። ሲድኑ የአክስታቸው ቤት ወደሚባለው ጉንዲቻ መቅደስ ሄደው ይሰነብታሉ። የነገው ጉዞ ይኸው ነው፤ 3 ኪሎ ሜትር የማይሞላ መንገድ።

«አምላክም ሲታመም አክስቱ ጋ ነው የሚሄደው» አለኝ የአክስቴ ልጅ። የበርበሬው ነገር ገና አልወጣለትም።

ሰረገሎቹን በንጉሡ ቤት ፊት አገኘናቸው፣ ሊያልቁ ጫፍ ላይ። በየዓመቱ አዲስ ነው የሚሠሩት። አክሻያ ትሪቲያ በሚባለው ቀን ይጀመራል፣ ሁለት ወር ግድም ይፈጃል። የጃጋናት ሰረገላ ናንዲጎሻ 16 መንኩራኩር አለው፣ ቁመቱ ከ13 ሜትር በላይ፣ ጨርቁ ቀይና ቢጫ። የወንድሙ ታላድዋጃ 14፣ የእህቱ ዳርፓዳላና 12። ድምሩ 42 መንኩራኩር። ናንዲጎሻ ብቻውን 832 የእንጨት ክፍል አለው ይላሉ። ንድፍ የለም፣ ወረቀት የለም። አናጢዎቹ ልኩን የሚይዙት በዱላ ነው፣ መለኪያውም እንደኛው በክንድና በጣት ነው። ሙያው ከአባት ለልጅ ነው።

አንድ ሽማግሌ አናጢ መንኩራኩር ላይ ተቀምጦ ሩዝ ይበላ ነበር። የአክስቴ ልጅ በተሰባበረ ኦዲያ፣ በአገሬው ቋንቋ፣ አናገረው። ሲጨርስ እንጨቱ ምን እንደሚሆን ጠየቅነው። ቀኝ እጁ ሩዝ ስለያዘ በግራው ወደ መቅደሱ ወጥ ቤት አመለከተ። እዚያ የሸክላ ማሰሮ በማሰሮ ላይ ተደርድሮ በእንጨት እሳት ይበስላል። ሰረገላው ማገዶ ይሆናል። የሁለት ወር ሥራ! መንኩራኩሮቹ ግን በጨረታ ይሸጣሉ አለ። ሰው ቤቱ ወስዶ ያስቀምጣቸዋል።

ቀን 5፦ ራታ ያትራ

ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነሳን። ዘግይተን ነበር።

ባዳ ዳንዳ፣ ትልቁ ጎዳና ማለት ነው፣ ከዳር እስከ ዳር ሰው ነው። ጥምቀትን ጃን ሜዳ ላይ አሥር ጊዜ ያከበርኩ ሰው ነኝ፣ ሰው ብዛት አያስደነግጠኝም ብዬ ፎክሬ ነበር። ተውኩት። ከጣሪያ ላይ፣ ከዛፍ ላይ፣ ከበረንዳ ላይ ሰው ይፈሳል። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሙቀቱ ሰው እንዳይጥል በቱቦ ውኃ ይረጩብናል። ውኃው ሲደርስ ሕዝቡ በደስታ ይጮኻል። የግራ ጫማዬ እዚያው ቀረ። የቀኙን ራሴ ጣልኩት፣ ለብቻው ምን ይሠራል።

ረፋዱ ላይ አማልክቱ ወጡ። አወጣጣቸውን ለማስረዳት ይቸግረኛል። በደርዘን የሚቆጠሩ ሰዎች ተሸክመዋቸው ወደ ፊት ወደ ኋላ እያወዛወዙ ነው የሚመጡት፣ በነሐስ ድምፅና በከበሮ። ራሳቸው ላይ የተደፋው ትልቅ የአበባ ዘውድ ይርገበገባል። እንደሚራመድ ሰው ያስመስላቸዋል። ታቦት በልብስ ተሸፍኖ፣ በድባብ ተጋርዶ ነው የሚወጣው፤ ማንም አያየውም። እዚህ የመጣው ሰው ሁሉ የመጣው እነዚያን ክብ ዓይኖች ፊት ለፊት ለማየት ነው። እነሱም እንዲያዩት።

ቀጥሎ ንጉሡ መጣ። የፑሪው ጋጃፓቲ ሥልጣን የለውም፣ ክብር ግን አለው። ነጭ ለብሶ ሦስቱም ሰረገሎች ላይ በየተራ ወጥቶ ወለሉን በወርቅ እጀታ መጥረጊያ ጠረገ። ንጉሥ በሕዝብ ፊት ሲጠርግ! አጠገቤ የነበሩ አንዲት እናት ዓይናቸውን ጠረጉ።

የእንጨት ፈረሶች ተገጠሙ። ለጃጋናት አራት ነጭ፣ ለወንድሙ አራት ጥቁር፣ ለእህቱ አራት ቀይ። ከኮኮናት ቃጫ የተሠራ ክንድ የሚያክል ገመድ ተዘረጋ። መጀመሪያ ወንድሙ፣ ከዚያ እህቱ፣ ጃጋናት ከሁሉም በኋላ። ፖሊሶች ሰረገሎቹን ከበዋል። ገመዱን ከተማው ሁሉ ሊነካው ይፈልጋል። እኔ ልንካ አልንካ እያልኩ ሌሊቱን ከራሴ ጋር ስከራከር አድሬ ነበር። ክርክሩ ከንቱ ሆነ፤ 50 ሜትር አልቀረብኩትም።

የመጀመሪያው ሰረገላ ሲነቃነቅ የሰማሁት ድምፅ የጩኸት አይደለም። የእንጨት ነው። ሲጢጥ የሚል፣ ረጅም፣ ከመሬት ውስጥ የሚመጣ። መንኩራኩሩ ትንሽ ይዞራል፣ ይቆማል። ሰው ይስባል። እንደገና ይዞራል። የጥንት ፈረንጅ ተጓዦች ይህን አይተው ሰዎች ራሳቸውን ከመንኩራኩሩ ሥር ይጥላሉ ብለው ጻፉ። ያገኘውን ሁሉ ጨፍልቆ ለሚሄድ ነገር ፈረንጆች «ጃገርናውት» የሚሉት ከጃጋናት ስም ወስደው ነው። እኔ ያየሁት ሰረገላ ከእናቴ አይፈጥንም፣ እሷም ጉልበቷን ያማታል።

የአክስቴ ልጅ እጄን ይዞ በጓሮ በጓሮ አስሮጠኝ፣ በባዶ እግሬ። ጎዳናው መሐል ላይ አንዲት ትንሽ መቃብር ጋ ወጣን። ሳላቤጋ የሚባል የ17ኛው ክፍለ ዘመን ገጣሚ ነው የተቀበረባት። አባቱ ሙስሊም ስለነበረ መቅደሱ አያስገባውም። ለጃጋናት መዝሙር ይጽፍ ነበር። አንድ ዓመት ሩቅ አገር ሳለ የራታ ቀን ደረሰበት። ሳልደርስ እንዳትሄድ ብሎ ለመነ። ሰረገላውም መንገድ ላይ ተተከለ፤ ቢስቡት፣ ቢጎትቱት እምቢ አለ። ሳላቤጋ መጥቶ እስኪያየው ድረስ አልተንቀሳቀሰም ይባላል። ዛሬም የጃጋናት ሰረገላ እዚህ ሲደርስ ቆም ይላል።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ደረሰ። ቀይና ቢጫ ግድግዳ ይዞ ላያችን ላይ የሚወድቅ ይመስላል። ቆመ። ከፊታችን ያለው ሕዝብ እጁን አነሳ። በእጆች መካከል፣ ከጨርቁ ሥር፣ ጥቁሩን ፊትና ሁለቱን ዓይኖች አየኋቸው። ትናንት በር ላይ የመለሰኝ ጠባቂ ትዝ አለኝ። የአክስቴ ልጅ የሆነ ነገር ጆሮዬ ላይ ጮኸ፣ አልሰማሁትም።

ቀን 6፦ ጠዋት

ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ አይጎተትም። ስለዚህ ናንዲጎሻ ሌሊቱን መንገድ ላይ አደረ። ሕዝቡም አብሮት። ጫማ ልገዛ ጠዋት ስወጣ ከጎኑ ሰው በካርቶን ላይ ተኝቷል።

ሻይ የሚሸጠው ሰውዬ የቀረውን ታሪክ ነገረኝ። ጃጋናት ሚስቱን ላክሽሚን ቤት ትቷት ነው የሄደው። በአምስተኛው ቀን ተናዳ ጉንዲቻ ድረስ ትመጣና ከሰረገላው አንድ እንጨት ሰብራ ትመለሳለች። እሱ በመጨረሻ ወደ ቤቱ ሲገባ በር ትዘጋበታለች። የሚያስከፍተው ራሶጎላ ነው፤ ስኳር ውስጥ የተዘፈቀ ነጭ የወተት ጣፋጭ።

«አይበቃትም» አልኩት።

«ለአምላክ በቃ፣ ለእኔ ሚስት ግን አይበቃም» አለ፣ ሻዩን ከላይ ወደ ታች እየቀዳ።

ከመንኩራኩሮቹ አንዱ ሥር ሽማግሌው አናጢ ተንበርክኮ ነበር። በመዶሻ ዘንጎቹን አንድ በአንድ ይመታና ጆሮውን ይሰጣል። አንዱ ላይ ሲደርስ ፊቱን አኮማተረ። እንደገና መታው። ከወገቡ ሽብልቅ አወጣና በልኩ መጥረብ ጀመረ።